ማኛውን ከኋላ ያስቀመጠ አሰልጣኝ

ወገን፣ ዛሬ ምን እንደከሰርኩ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ወሬው ከዚያ ይመጣል።

አንድ ደህና በርሜል። ጥቂት የሽንኩርት ከረጢት። በመካነ ሰላም ገበያ «ይመር ካለ አለ ነው» እየተባለ የኖረ ስም። የመሪጌታ ጥበቡ ሰላምታ።

እና አንዲት ልጅ። እሷን በምን ሚዛን እንደማስቀምጣት ስላላወቅኩ ነው ተቀምጬ ይህን የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፣ እህል ነጋዴ ነኝ። ከትምህርት ቤት በስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፤ ቀሪውን አጅባር ገበያና ደሴ መናኸሪያ አስተማሩኝ። አብዛኞቻችሁ የምትከተሉኝ የጤፍ ዋጋ ስለምለጥፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ የጤፍ ዋጋ የለም። ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው።

አዎ፣ ቅርጫት ኳስ። አትሳቁ፣ ገና ነው።

ነገሩ የጀመረው ከመጋዘኔ ግድግዳ ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳና የእኔ መጋዘን ጀርባ ለጀርባ ናቸው። የኳሱ ቀለበት የቆመው ደግሞ ልክ በእኔ ቆርቆሮ በኩል ነበር። የሳቱት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ደግሞ አይስቱም አልልም።

ጓ። ጓ። ቀኑን ሙሉ ጓ።

ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር ጓ ሲል በረዶ የመጣ መስሎት ወደ ሰማይ ያያል። አንዳንዴ ጠቅሞኛል፤ አልዋሽም። ግን ግድግዳው እየጎደጎደ ሄደ።

ታዲያ የስፖርት አስተማሪው ተዛወረ። ርዕሰ መምህሩ ወላጆችን ሰብስበው «በበጎ ፈቃድ ልጆቹን የሚያሠለጥን ሰው አለ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሰው አጨበጨበ። «ይመር ለወጣቱ አሰበ» ተባለ።

ያሰብኩት ለግድግዳዬ ነበር።

አሰልጣኝ የሆነ ሰው ቀለበቱ የት እንደሚቆም ይወስናል። ስሌቱ ይኸው ነው። ወዲያው ቀለበቱን ወደ ሜዳው ማዶ አሻገርኩት፤ አሮጌው ስለተሰበረ በራሴ በርሜል አዲስ አሠራሁ፤ መረቡን ከሽንኩርት ከረጢት ሰፋሁ። ግድግዳዬ ዳነ። በዚያው መልቀቅ ነበረብኝ።

አልለቀቅኩም። ትርንጎን አየኋታ።

ትርንጎ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት፣ አሥረኛ ክፍል። የእኛ ሜዳ ከገደል አፍ ላይ ስለሆነ ነፋስ አያጣም። ሌሎቹ ልጆች ይወረውራሉ፣ ነፋሱ ይቀበላቸዋል፣ ከዚያ ኳስ ፍለጋ ቁልቁል ነው። ትርንጎ ግን ኳሱን ይዛ ትቆማለች። ነፋሱን ታዳምጣለች። ትንፋሹን ሲውጥ ትለቀዋለች።

ይገባል።

እኔ የማውቀው ቅርጫት ኳስ ደሴ ተሸካሚ ሳለሁ በአጥር ቀዳዳ ያየሁትና ኔትወርክ ሲኖር ከዩቲዩብ የቃረምኩት ነው። በተረፈ በንግድ ነው ያሠለጠንኳቸው። «ፓስ እንደ ዱቤ ነው፣ ከሰጠሽ በኋላ ተከታተዪው።» «ዲፌንስ ማለት ሰውዬው ኪስሽ ሳይገባ እጁን መያዝ ነው።» ይገርማችኋል፣ ሠራ። ልጆቹ ማሸነፍ ጀመሩ። እኔም አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥዬ ገበያ መውጣት ጀመርኩ።

የእኔ ልጅ ፍሬም ቡድኑ ውስጥ አለች። የገባችው «የአባቷን ነገር ናቀች» እንዳትባል ነው። ኳስ ስትይዝ ስልክ የያዘች ነው የምትመስለው፤ በሁለት እጇ፣ አንገቷን ደፍታ።

እና ወሬ መጣ። ከዞን አንድ መልማይ በየከተማው እየዞረ ከየቦታው አንዲት ልጅ ይመርጣል። የተመረጠችው ደሴ ገብታ እየኖረች፣ እየበላች፣ እየተማረች ትሠለጥናለች። የዕድሜ ገደብ አለው። ትርንጎ ዘንድሮ ትገባለች፤ ለከርሞ ታልፋለች።

የትርንጎ ታላቅ እህት ቤሩት ናት። እናትየው «ሁለተኛዋም ትከተል፣ መንገዱ ተከፍቷል» ይላሉ። ፓስፖርት ተጀምሯል። መሪጌታ ግን አንዷን ልጃቸውን በስልክ ማየት የበቃቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ ምርጫው ማርያም ላይ ውሏል» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ኳስ መጫወት ሥራ ይባላል?»

ቅኔ የሚቆጥሩ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ።

«ላብ ኃጢአት አይደለም» አሉ። «በደመወዝ የላበ ነው በዓል የሻረ። ትጫወት።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ከተመረጠች ደሴ ትገባለች፤ እናቷን ለእኔ ተዋት። ካልተመረጠች ግን ይመር፣ ስለ ኳስ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትመጣ። በእህቷ መንገድ ትሄዳለች፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።»

«አብሽር፣ መሪጌታ» አልኳቸው። «ይህ ያለቀ ነገር ነው።»

አብሽር አልኩ። በዚህ አፌ።

እዚህ ላይ ስለ እህል ንግድ ትንሽ ላስተምራችሁ፤ በነፃ ነው።

የደሴ ገዢ በጠዋት ሲመጣ ልቡ ቀዝቃዛ ነው። መኪናው ባዶ፣ ቀኑ ረጅም። ሁሉን ያጣጥላል። በጠዋት ነጩን ማኛ ጤፍ ብታወጣለት «ጠቆር ይላል» ብሎ ያረክስብሃል። ስለዚህ ቅይጡን ሰርገኛ ከፊት፣ ማኛውን ከኋላ ታደርጋለህ። ሰርገኛውን አይቶ አፍንጫውን ይነፋል፤ ይንፋ። ከሰዓት መኪናው ሳይሞላ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲያስጮኽ፣ ያን ጊዜ የማኛውን አፍ ትፈታለህ። አይከራከርም። ያቅፍሃል።

ሁለተኛው ሕግ። ገዢ ተነሥቶ ሲሄድ አትጥራው። ከጠራኸው አለቀልህ። ጀርባህን ስጠው፣ ከረጢት አስተካክል፣ ከጎረቤት ተጫወት። ይመለሳል። እኔ በንግድ ዕድሜዬ ጀርባዬን ለስንቱ ሰጥቻለሁ፤ ሁሉም ተመልሰዋል።

የገባችሁ አላችሁ አይደል? ዝም በሉ፣ ላልገባቸው አታበላሹባቸው።

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሣ ሰው ሞላ። በዓል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሳመው ሁሉ በነጠላው ቀጥታ ወደ ኳስ። ከከላላ የመጡት ተጋጣሚዎቻችን ቁመታቸው የስልክ እንጨት። መልማዩ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰው፣ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት። የጠዋት ገዢ ፊት ነው። አውቀዋለሁ ይህን ፊት።

ትርንጎ ማልያ ቁጥር ሰባት ለብሳ ልትገባ ስትል «አንቺ ተቀመጪ» አልኳት።

«አላመመኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንዳላመመሽ አውቃለሁ። ማኛ ነሽ። ማኛ በጠዋት አይወጣም።»

ትንሽ አየችኝ። «ጋሼ፣ ማኛው ካልወጣ ገዢው በምን ያውቀዋል?»

«አንቺ ተጫወቺ፣ ንግዱን ለእኔ ተዪው» አልኳት።

ይቺን ስክሪንሾት አድርጓት። ልጆቼ ሲያድጉ ታስፈልጋለች።

በእሷ ቦታ ፍሬን አስገባሁ። ሰርገኛው ይታይ፣ አፍንጫውን ይንፋ ብዬ።

ፍሬ ሁልጊዜ ኳስ ስታገኝ ወዲያው ለትርንጎ ነው የምትሰጠው። ዛሬ ትርንጎ የለችም። ኳሱ መጣ፤ ቀና ብላ ፈለገቻት፤ የለችም። ወረወረች።

ገባ።

ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። እንደገና ወረወረች፣ እንደገና ገባ። እኔ በልቤ ምን እላለሁ? «ጥሩ፣ ሰርገኛው ገዢውን እያሟሟቀው ነው።» በጥቂት ነጥብ እየተመራን ዕረፍት ወጣን። ሁሉም በዕቅዴ መሠረት ነበር። ለትርንጎ «ተሟሟቂ» አልኳት።

መልማዩ ሰዓቱን አየ። ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። ወደ መኪናው ሄደ።

ገዢው ተነሣ ማለት ነው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁትና መረቡን ማስተካከል ጀመርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ሮጠው መጡ። «ይመር፣ ሰውዬው እየሄደ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ጥራው እንጂ!»

«የጠሩት እንደሆነ ዕቃው ይረክሳል። ይመለሳል።»

«ሞተር አስነሣ እኮ።»

«ለማስፈራራት ነው። ስንቱን አይቻለሁ።»

«ታጠፈ፣ ይመር።»

«አሁን ቀስ ይላል።»

ቀስ አላለም።

አቧራው ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰቅሎ ቆየ። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሽንኩርት ከረጢት ይዤ ቆሜያለሁ።

«ትርንጎ፣ ግቢ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ የሰፈራችንን ባጃጅ ይዤ ተከተልኩት።

«ጋሽ ይመር፣ ባጃጅ መኪና ላይ አይደርስም» አለኝ ሹፌሩ።

«አንተ ንዳ።»

«እነዳለሁ። ግን አይደርስም።»

ከኋላዬ ሜዳው ሲጮኽ ይሰማኛል። ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይጮኻል። ዝም የሚለው ነፋሱን ስትጠብቅ ነው። የጩኸቱን ዓይነት አውቀዋለሁ። ያን ጨዋታ ለማየት ወራት ለፍቼ፣ ሳላየው በባጃጅ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ።

ደረስንበት። በፍጥነታችን አይደለም። የመልማዩ ሹፌር ከመንገድ ዳር ማር ሲከራከር ቆሞ ነው። ዓይኔ እያየ ሹፌሩ «ተወድዷል» ብሎ ሄደ። ማር ሻጯ «ና፣ ኧረ ና፣ ተመለስ የኔ ወንድም» አለችው። ተመለሰ። ገዛ።

ጠራችው፣ ተመለሰ፣ ገዛ። ወላሂ ያቺ ሴትዮ እኔን ለመስደብ የተቀመጠች ነው የመሰለኝ።

መልማዩን በመስኮት ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ቁጥር ሰባትን አላየሃትም።»

«የተቀመጠችዋን?»

«ዋናዋ እሷ ናት።»

«ዋና ከሆነች ለምን ተቀመጠች? ታማ ነው?»

«ጤነኛ ናት።»

«ተቀጥታ?»

«ኧረ፣ ጨዋ ልጅ ናት።»

«ታዲያ?»

ወገን፣ ምን ልበለው? እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

«ለኋላ ነበር ያሰብኳት» አልኩት።

«ለኋላ ማን አለ?» አለኝ። «ግማሽ ጨዋታ አይቼ ወደ አቀስታ እንደማልፍ ለርዕሰ መምህሩ ተናግሬያለሁ። አልነገሩህም?»

ነግረውኛል። አጥብቀው ነግረውኛል። እኔ የመነሻ ዋጋ መስሎኝ ነበር።

«ተመለስና አንድ ጊዜ ብቻ እያት።»

«የአቀስታ ልጆች እየጠበቁኝ ነው። ደግሞ ከእናንተ መርጬ ጨርሻለሁ፤ ቁጥር አራት። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትጫወተዋ። ተረጋግታ ነው የምትወረውር፣ ምንም አትረበሽም።»

ቁጥር አራት።

ቁጥር አራት ፍሬ ናት። የእኔ ፍሬ።

«ልጅቷ ትቅርና በቦታዋ ሰባት ትግባ» አልኩት።

«ያላየሁትን አልመርጥም፣ ጋሼ። አራት ከቀረች ቦታው ለሌላ ከተማ ይሰጣል። አባቷ ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

እንዲያው ለነገሩ ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩትና ተመለስኩ።

ስመለስ ጨዋታው አልቋል። አሸንፈናል። በሰፊው አሸንፈናል። ማንም አልዘለለም። ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ደርሷል፤ መልማዩ ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውሏል።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ይመር» ይለኛል ሰዉ። እንዴት እንደሚሉት ብትሰሙ። እጄን ይጨብጡና እጃቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። የባጃጅ ተራው ልጆች «ጋሽ ይመር ሚዛኑ ላይ ልጁን አስቀመጠ» ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ደግሞ «የመሪጌታን ልጅ አስቀምጦ የራሱን አሳለፈ፣ ንግድ ማለት ይህ ነው» አለ። እያደነቀኝ ነው። እሱ ነው የባሰው።

ቤቴ ገባሁ። ፍሬ ማልያዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ተመርጣ ደስ ያላት ልጅ አትመስልም።

«አባዬ» አለችኝ፣ «እሷን ደብቀህ እኔን ሸጥከኝ።»

ባለቤቴ ለምለም ከወዲያ ሆና «ለእኔስ ብልጥ ነው ብለው ነበር የዳሩኝ» አለች።

ማምሻውን መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። እንዳትመጣ ተብዬ ነበር፤ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ ገና ከሩቅ «እንዴት ዋልህ ይመር፣ ቤተ ሰቡ፣ ከብቱ፣ ገበያው» የሚሉ ሰው ዝም ብለው አስጠጉኝ።

«ልጅህ ተመረጠች አሉ» አሉ። «እንኳን ደስ ያለህ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማኛውን፣ ሰርገኛውን፣ ጀርባ መስጠቱን፣ ማር ሻጯን። አንድም አላስቀረሁ።

«ይመር፣ አላምንህም ካልሁ ሌባ አልሁህ። አምንሃለሁ ካልሁ ጅል አልሁህ። የትኛው ይሻልሃል?»

ነጋዴ የሆናችሁ ታውቃላችሁ። ሌባ የተባለ ነጋዴ ሱቁን ነገ ይከፍታል፤ ሰው እየተጠነቀቀም ቢሆን ይገዛዋል። ጅል የተባለ ነጋዴ ግን አለቀለት፣ ሕፃን ሁሉ ይከራከረዋል።

«ጅሉ፣ መሪጌታ» አልኳቸው።

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብሁ» አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ደሴ ከፍሬ ጋራ ቤት ልከራይላት፣ በእኔ ወጪ ትማር» አልኩ።

«የተመረጠች ልጅ ስትሄድ አገር መርቆ ይሸኛታል። ያልተመረጠች በነጋዴ ቤት ኪራይ ስትሄድስ አገር ምን ይላል? አንተ ወሬ እንዴት እንደሚሸጥ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ያውም ወሬው ዛሬ ገበያ ወጥቷል።

«እናቷ ፓስፖርቱ ደርሷል ትላለች» አሉና ተነሡ።

ልሄድ ስል ትርንጎ ወጣች። ቁጥር ሰባትን አጥፋ ይዛለች።

«አላጠብኩትም፣ ጋሼ። ማርያም ስለሆነች ነው» አለችኝ።

«ትርንጎ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ» አለች። «ሲሄድ አይቼው ነበር። ልጠራው አልኩና፣ ጋሼ ያውቃል ብዬ ተውኩት።»

ተውኩት አለች። እኔን አምና ነው የተወችው። ማልያውን ተቀብያት ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ የፍሬ ጓደኞች የቀረጹትን ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ትርንጎ ኳሱን ይዛ ትቆማለች። ሰዉ ዝም ይላል። ነጠላዎቹ መውለብለብ ሲያቆሙ ትለቃለች። እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ለመልማዩ በቴሌግራም ላክሁለት። አይቶታል፣ ሁለቱ ምልክት መጥቷል። አልመለሰም። እንደገና ጻፍኩለት። አልመለሰም። ደወልኩ። አላነሣም። አሁንም እየደወልኩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ገዢ ጠርቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ዛሬ በአንድ ምሽት የሁሉንም ድርሻ ለአንዱ እየጠራሁ ነው።

ኮሜንት ላይ «ከዚህ ምን ተማርክ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ማኛ ያለው ሰው በጠዋት ያውጣ። ይህን ለማወቅ አሰልጣኝ መሆን ያስፈልግ ነበር? አያስፈልግም። የገዛ ተጫዋቼ በጠዋቱ ነግራኝ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ይዘጋል።

ግድግዳዬ ደህና ነው። ፍሬ ደሴ ትሄዳለች። ትርንጎ ወደ ደሴ አትሄድም፤ ፓስፖርቷ ደርሷል። ቁጥር ሰባት ሳይታጠብ እኔ ጋ ነው።